በአንድ 18650 ባትሪ የሚሠራ የአፈር እርጥበት መለኪያ፦ ኡኖ፣ ኢኤስፒ32 ወይስ ፒኮ?

ጓሮ_7

ሰላም ለሁላችሁ። ለጓሮ አትክልት የአፈር እርጥበት መለኪያ ልሠራ ነው። አራት ካፓሲቲቭ ሴንሰር ይኖረዋል፤ በየ30 ደቂቃው ለክቶ በዋይፋይ ይልክና ተመልሶ ይተኛል። ኃይሉ ከአንድ 18650 (ቻርጅ የሚደረግ ሊቲየም) ባትሪ ነው፤ ቻርጅ ሳይደረግ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቆይልኝ እፈልጋለሁ። ራውተሩ 15 ሜትር ያህል ይርቃል፣ መሃል ላይ አንድ ግድግዳ አለ። ያሰብኳቸው የማይክሮኮንትሮለር ቦርዶች (ፕሮግራም የሚደረጉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች) አርዱዪኖ ኡኖ፣ ኢኤስፒ8266፣ ባለ 30 ፒን የኢኤስፒ32 ቦርድ እና ፒኮ ደብሊው ናቸው። በሜሞሪና በአጠቃቀም ቅለት ሳየው ወደ ፒኮ አዘንብያለሁ። በምን መስፈርት ልምረጥ?

ሬዚስተር220

ፍጥነቱንና ሜሞሪውን ለጊዜው ተወው። አራት ቮልቴጅ አንብቦ ጥቂት ባይት ለሚልክ ሥራ ከዘረዘርካቸው የትኛውም ይበቃል፣ ይተርፋልም። ያንተ ዕቃ ከ30 ደቂቃው 29 ደቂቃ ከምናምኑን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምታየው ሲተኛ ስንት እንደሚበላ፣ ቀጥሎ ስንት አናሎግ ፒን (ቮልቴጅ የሚያነብ እግር) እንዳለው ነው።

በዚህ ዓይን ሦስቱ ወዲያው ይወድቃሉ። ኡኖ ዋይፋይ የለውም፤ ቦርዱም ምንም ሳይሠራ 45 ሚሊአምፔር ገደማ ስለሚስብ ባትሪህ ሁለት ቀን አይሞላም። ኢኤስፒ8266 ያለው አናሎግ ግቤት አንድ ብቻ ነው፣ ቺፑ ላይ የሚያነበውም ከ0 እስከ 1 ቮልት ነው። ፒኮ ላይ ወደ ውጭ የወጡት አናሎግ ፒኖች ሦስት ናቸው፣ ያንተ ሴንሰር አራት። ሰዓቱን ይዞ ሲተኛም ከ1 ሚሊአምፔር በላይ ይበላል፤ 1.3 ብንለው በቀን 31 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ምንም ሳይልክ። ፒኮ ግሩም ቦርድ ነው፤ ቦታው ግን ኃይል ከግድግዳ የሚመጣበት፣ ጊዜው በጥብቅ የሚለካ ሲግናል የሚፈለግበት ሥራ ነው።

ኢኤስፒ32ን እናስላው። ነቅቶ ተገናኝቶ እስኪልክ 5 ሰከንድ፣ በአማካይ 120 ሚሊአምፔር እንበል። በቀን 48 ጊዜ ማለት 240 ሰከንድ ነው፤ 8 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል። በዲፕ ስሊፕ (በጥልቅ እንቅልፍ) ከሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን 3.3 ላይ ከሚይዘው ቺፕ) ጋር 15 ማይክሮአምፔር ቢበላ በቀን 0.36 ነው። ድምሩ 8.4 አይሞላም። 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ከሚለው ባትሪ 2000ውን ብቻ ቁጠር፤ ወደ 240 ቀን ይሰጥሃል።

ቋሚ አይፒ አድራሻ ስጠው፤ የራውተሩን ቻናልና ማክ አድራሻም ኮዱ ውስጥ አስገባ። ፍለጋው ስለሚቀር 5ቱ ሰከንድ ብዙ ጊዜ ወደ 2 ይወርዳል። ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚህ ነው፤ የእንቅልፉ ወጪማ ከወዲሁ ትንሽ ነው።

ሽቦና_እርሳስ

የሬዚስተር220 ሒሳብ ልክ ነው፣ ግን ለባዶው ሞጁል (ቺፑ፣ ፍላሽ ሜሞሪውና አንቴናው ብቻ ላሉበት) ነው የሚሠራው። ጠያቂው ያሰበው ባለ 30 ፒን ቦርድ ላይ ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር፣ ሁልጊዜ የሚበራ ኤልኢዲ እና የዩኤስቢ ቺፕ አሉ። ሬጉሌተሩ ብቻውን 5 ሚሊአምፔር ያህል ዝም ብሎ ይበላል፤ በቀን 120 ነው። 240 ቀን የተባለው 16 ቀን ሆነ ማለት ነው። ቺፑ ሳይሆን ቦርዱ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው።

ሌላም ችግር አለበት፦ ኤኤምኤስ1117 ከሚያወጣው 1 ቮልት ያህል ከፍ ያለ ግቤት ይፈልጋል። 3.3 እንዲያወጣ 4.3 ገደማ ያስፈልገዋል፤ 18650 ደግሞ ጢም ብሎ ሞልቶም 4.2 ነው።

ስለዚህ ኮዱን ቦርዱ ላይ ጻፍና ፈትን፤ ለጓሮው ግን ባዶውን ኢኤስፒ-ሩም-32 ሞጁል ከኤችቲ7833 ሬጉሌተር ጋር በይድ። 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ ራሱ የሚበላው 4 ማይክሮአምፔር ገደማ ነው። ኢኤን ፒን (ቺፑን የሚያበራው) ላይ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ 3.3 ቮልት፣ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ አድርግ። ኮድ የምትጭነው በ3.3 ቮልት የዩኤስቢ ሲሪያል አዳፕተር ነው፤ ፒን 0ን ግራውንድ አስነክተህ ሪሴት ታደርገዋለህ።

ፒን ስትመርጥ ደግሞ ተጠንቀቅ። ዋይፋይ ሲሠራ ኤዲሲ2 (ከቺፑ ሁለት የአናሎግ ንባብ ክፍሎች ሁለተኛው) አይነበብም፤ ኮዱ ትክክል ሆኖ ንባቡ ሲበላሽ ብዙ ሰው ሴንሰሩን ይወቅሳል። አራቱን ሴንሰሮች ኤዲሲ1 ውስጥ ባሉት ፒን 32፣ 33፣ 34 እና 35 ላይ አድርግ፤ 36 ለባትሪው ይቀርሃል። ፒን 12ን አትንካው፤ ሲነሳ ከፍ ብሎ ከተገኘ ቺፑ የፍላሹን (የኮድ ማስቀመጫ ሜሞሪውን) ቮልቴጅ 1.8 አድርጎ ይወስድና ጭራሽ አይነሳም። ከ6 እስከ 11 ያሉት ለፍላሹ የተያዙ ናቸው።

ባትሪውን ለመለካት ቮልቴጁን በግማሽ የሚከፍሉ ሁለት የ100 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ብታደርግ 21 ማይክሮአምፔር ሌት ተቀን ይፈሳል፤ ከቺፑ እንቅልፍ ይበልጣል። ሁለት 1 ሜጋኦም አድርግና ከፒኑ ወደ ግራውንድ 0.1 ማይክሮፋራድ ጨምር፤ ያለ ካፓሲተሩ ንባቡ ይዋዥቃል።

ኦም_ሜትር

ስለ ሴንሰሮቹ ልጨምር። እያንዳንዱ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል፤ አራቱ ሁልጊዜ ከበሩ እስካሁን የቆጠብከው ሁሉ ከንቱ ነው። ኃይላቸውን ከፒን 25 እና 26 ስጥ፣ ሁለት ሁለቱን በአንድ ፒን። ስትነቃ አብራ፣ 200 ሚሊሰከንድ ጠብቅ፣ አሥር ጊዜ አንብበህ አማካዩን ያዝ፣ ዋይፋይ ከመክፈትህ በፊት አጥፋ።

ከመግዛትህ በፊት ሴንሰሩ ላይ ያለውን ባለ 8 እግር ቺፕ ጽሑፍ አንብብ። ቲኤልሲ555 ከሆነ በ3.3 ቮልት ይሠራል። ኤንኢ555 ከሆነ ከ4.5 ቮልት በታች እንዲሠራ አልተሠራም፤ ደረቅም እርጥብም ብታደርገው ቁጥሩ እምብዛም አይንቀሳቀስ ይሆናል።

የኢኤስፒ32 ኤዲሲ በሰፊው መጠን እንኳ በደንብ የሚለካው ከ0.15 እስከ 2.45 ቮልት ነው። ደረቅ አፈር ላይ ሴንሰሩ ከዚያ በላይ ካወጣ ለውጡ አይታይህም፤ በሁለት ሬዚስተር ዝቅ አድርገው።

ጓሮ_7

በጣም አመሰግናለሁ፣ ኢኤስፒ32 ይሁን። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሞጁሉን ከኤችቲ7833 ጋር ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ማገናኛ ሰሌዳ) ላይ ሳገናኘው ዋይፋይ ሲከፈት ብራውንአውት (ቮልቴጅ ወርዷል) የሚል መልእክት ያወጣና ሪሴት ያደርጋል። መልቲሜትሩ ግን 3.3 ቮልት ያሳያል። አንዳንዶች ይህን የሚለየውን ዲቴክተር በኮድ አጥፋው ይላሉ።

ሽቦና_እርሳስ

አታጥፋው። ቮልቴጁ እውነት ወርዷል፤ ዲቴክተሩን ብታጠፋ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ፍላሽ ላይ እየጻፈ ዳታህን ያበላሻል። መልቲሜትር አማካይ ስለሚያሳይ ለሚሊሰከንዶች የሚወርደውን አይይዘውም። ዋይፋይ ሲነሳ ከረንቱ ለአፍታ ወደ 400 ሚሊአምፔር ቢጠጋ፣ ቀጭን ጃምፐርና የላላ የብሬድቦርድ ቀዳዳ ተደምረው ግማሽ ኦም ቢሆኑ 0.2 ቮልት እዚያው ቀረ።

የ3.3 ቮልቱንና የግራውንዱን ሽቦ አጭርና ወፍራም አድርገህ በይዳቸው። 470 ማይክሮፋራድና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከሞጁሉ የኃይል እግሮች ጎን፣ ከ1 ሴንቲሜትር ባልራቀ ቦታ አስገባ። ሬጉሌተሩ አጠገብ ካደረግካቸው ሽቦው መሃል ስለሚቀር ጥቅማቸው ይቀንሳል።

የእንቅልፉን ከረንት ስትለካ ደግሞ መልቲሜትሩን ማይክሮአምፔር ላይ አድርገህ ብታበራው ያው ሪሴት ይመለስብሃል፤ በዚያ መጠን የሜትሩ ውስጣዊ ሬዚስተር ትልቅ ነው። የሜትሩን ሁለት ጫፎች በጃምፐር አገናኝተህ አስነሳው፣ ልኮ እስኪተኛ ጠብቅ፣ ከዚያ ጃምፐሩን ንቀልና አንብብ። ከ30 ማይክሮአምፔር በላይ ካየህ መጀመሪያ ሴንሰሮቹን፣ ቀጥሎ የባትሪ መለኪያ ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩ የቱ ላይ እንደሚወርድ እይ።