ክርክር፦ የፐርል ሃርበር አዛዦች ማዕረግ ይመለስ ወይስ አይመለስ?

መነሻ፦ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓን ሃዋይ ላይ ያለውን የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር በድንገት ስትመታ 2,403 አሜሪካውያን አለቁ። የፓስፊክ ጦር መርከቦች አዛዥ አድሚራል ኪመልና የምድር ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሾርት ወዲያው ከቦታቸው ተነሡ፤ ማዕረጋቸውም ዝቅ አለ። ኮንግረስ በ2000 ፕሬዚዳንቱ ማዕረጋቸውን እንዲመልስ ጠይቋል፤ የመለሰ ግን የለም።

ዳኛው፦ አይመለስ። ከዋሽንግተን የተላከው የኖቬምበር 27ቱ ቴሌግራም ለኪመል «ይህ መልእክት የጦርነት ማስጠንቀቂያ ተደርጎ ይወሰድ» ነው ያለው። ከዚህ በላይ ምን ይባል? ሾርትማ አሻጥር ፈርቶ አውሮፕላኖቹን ክንፍ ለክንፍ አስጠግቶ ደረደራቸው። ለዘበኛ ይመቻል፤ ከሰማይ ለሚመጣ ግን የተዘጋጀ ማዕድ ነው።

ባሕረኛ፦ ቴሌግራሙን እስከ መጨረሻው አንብበው እንጂ! ይጠቃሉ ብሎ የዘረዘረው ፊሊፒንስን፣ ታይላንድንና ቦርኒዮን ነው፤ ሃዋይ የለችበትም። ሾርትም «ለአሻጥር ተዘጋጅቻለሁ» ብሎ መልሷል፤ ዋሽንግተን አይታ ዝም አለች። ይባስ ብሎ ቶኪዮ በሴፕቴምበር ሆኖሉሉ ላለው ቆንስላዋ «ወደቡን 5 ቦታ ከፍለህ የትኛው መርከብ የት እንደቆመ አሳውቅ» ያለችበትን ምስጢራዊ መልእክት ዋሽንግተን ፈትታ አንብባለች። ለኪመል የነገረው የለም።

ዳኛው፦ ቅኝትስ? በስተሰሜን በኩል አንድ አውሮፕላን እንኳ አልነበረም። ስድስቱ አውሮፕላን ጫኝ መርከቦች የመጡት ደግሞ በዚያው ነው።

ባሕረኛ፦ ሒሳቡን እንሥራ። ዙሪያውን እስከ 800 ማይል ለመቃኘት ለአንድ ዙር 84 አውሮፕላን ያስፈልጋል፣ በረራው 16 ሰዓት ነው። ያው ሠራተኛ በማግስቱ መድገም ስለማይችል በየቀኑ ለማስኬድ ኪመል ወደ 250 አውሮፕላን ያስፈልግ ነበር ብሏል። ለበረራ ዝግጁ የነበሩት 49 ናቸው።

ሞገድ፦ ሁለታችሁም ቶርፔዶውን፣ ውሃ ውስጥ ተጉዞ መርከብ የሚመታውን ፈንጂ፣ ረስታችሁታል። የወደቡ ጥልቀት 12 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአውሮፕላን የተጣለ ቶርፔዶ ጭቃው ውስጥ ይሰካል ተብሎ መርከቦቹ መከላከያ መረብ አልተጋረደላቸውም። ጃፓኖች ጅራቱ ላይ የእንጨት ክንፍ ገጠሙለት፤ ውሃ ሲነካ እንጨቱ ይሰበርና ቶርፔዶው ብዙ ሳይሰምጥ ይሄዳል። እንግሊዞች በ1940 ታራንቶ በተባለው የጣሊያን ወደብ ላይ የጣሊያንን መርከቦች በ21 አሮጌ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ሲመቱ ትምህርቱ ታይቷል። በጁን 1941 ደግሞ ከዋሽንግተን «በጥልቀት አትተማመኑ» የሚል ደብዳቤ ደርሷል። ይህን የሚያልፍ አዛዥ ሰበቡ ያነሰ ነው።

ዳኛው፦ ደግሞ ማዕረጉ አልተገፈፈም። 4ኛው ኮከብ ከሥልጣኑ ጋር የተሰጠ ጊዜያዊ ነበር፤ ኪመል ሲነሣ ወደ ቋሚ 2 ኮከቡ ተመለሰ።

ባሕረኛ፦ የ1947ቱ ሕግ የጦርነቱ መኮንኖች በደረሱበት ከፍተኛ ማዕረግ ጡረታ እንዲወጡ ፈቅዷል። ለእነዚህ ሁለቱ ግን ተነፈገ። በፊሊፒንስ የነበረው የአሜሪካ ጦር አዛዥ ጄኔራል ማክአርተር ከፐርል ሃርበር ከሰዓታት በኋላ፣ ወሬውን ሰምቶ እያለ፣ ቦምብ ጣዮቹ እዚያው ክላርክ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ተቃጥለውበታል። ማን ጠየቀው?

ሞገድ፦ ማክአርተር አለመጠየቁ ሾርትን ነጻ አያወጣውም። ራዳሩን በፈረንጅ ሰዓት ከንጋቱ 4 እስከ 7 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ያዘዘው እሱ ነው። 7፡02 ላይ የጃፓንን የአውሮፕላን ጓድ በራዳሩ ያዩት ሁለቱ ወታደሮች ሰዓታቸው ካለቀ በኋላ መሣሪያውን ስላላጠፉት ነው፤ ተረኛው መኮንን ከካሊፎርኒያ የሚጠበቁ የኛ ናቸው ብሎ ተወው። የኪመል ጉዳይ ለብቻው ቢቀርብ እፈርም ነበር፤ ኮንግረስ ግን ሁለቱን በአንድ ወረቀት ነው ያሰራቸው።