የኤሌክትሪክ ፍሬኔ ፓተንት ምርመራ ላይ ተይዟል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባጃጅ እጠግናለሁ። ለባጃጅ የኋላ ጎማ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ሠርቼ ፓተንት ጠይቄበት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትንሽ ሞተር ማርሽ ያዞራል፣ ማርሹ ቪት ይገፋል፣ ቪቱ ደግሞ ሸራውን ዲስኩ ላይ ይጫናል። ዘይት የለም፣ ቱቦ የለም። ባጃጇ ስትቆም አንድ ጥርስ ገብቶ ይቆልፈዋል፣ ባትሪ ቢሞትም አይላቀቅም። በጅማ ክረምት ጭቃ ውስጥ ሞክሬዋለሁ፣ ይዟል።

መርማሪው ሁለት የቆዩ የውጭ ፓተንቶች አምጥቶ መለሰልኝ። አንዱ ሞተርና ቪት አለው፣ ሌላው የሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገባ መቆለፊያ አለው፣ ሁለቱን ማጋጠም ለባለሙያ ግልጽ ስለሆነ ፈጠራዊ ብቃት የለውም ይላል። እውነቱን ለመናገር እንደጻፍኩት ከሆነ ልክ ነው። የኔ ልዩነት ግን መቆለፊያው ሞተሩ ላይ ሳይሆን ራሱ ቪቱ ላይ መሆኑ ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ ላይ ሲቆለፍ በማርሾቹ መሀል ያለው ክፍተት ሸራውን ትንሽ ያላላዋል፣ ዳገት ላይ ለቆመ ባጃጅ ደግሞ ትንሽም ብዙ ነው። ይህን መብት በምጠይቅበት ክፍል አልጻፍኩትም (ራሴው ነኝ የጻፍኩት፣ ጠበቃ አልያዝኩም)። ማብራሪያው ውስጥም የለም። 3ኛው ሥዕል ላይ ብቻ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ማመልከቻው ሲገባ ያልነበረ ነገር በማሻሻያ መጨመር እንደማይቻል አውቃለሁ። በሥዕል ብቻ የታየ ነገርስ እንደነበረ ተቆጥሮ ወደ መብት ጥያቄው ሊገባልኝ ይችላል?