እናትን ወደ መርሳት ሕሙማን መንከባከቢያ ስናስገባ ምን እናዘጋጅ? (አሜሪካ)

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው በአማርኛ ብቻ ነው የሚያወሩት። ከየት ይጀመራል?

መልስ፦ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል። «ውሃ»፣ «ሽንቴ መጣ»፣ «አመመኝ»፣ «በረደኝ» የሚሉትን በላቲን ፊደል ከነትርጉማቸው ጽፋችሁ አልጋው አጠገብ ለጥፉ። ሠራተኛው ካልገባው ሕመሙን «ቁጣ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ቀጥሎ የሚያደነዝዝ ክኒን ይመጣል። ጾመኛ ከሆኑ ረቡዕና ዓርብንም አስመዝግቡ፤ አለዚያ ሥጋው ሳይነካ ሲመለስ «አልበላም አሉ» ይባላል።

ጥያቄ፦ ወጪውንስ ማን ይከፍላል?

መልስ፦ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) የማደሪያውን ወጪ አይሸፍንም። ሜዲኬይድ (አቅማቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የሚሰጥ የመንግሥት ጤና መድን) ሊያግዝ ይችላል፤ ግን በአብዛኛው ስቴት ባለፉት 5 ዓመታት ለሌላ ሰው በስጦታ የተላለፈ ንብረት መኖሩን ስለሚመረምር ቤቱን አሁን በልጅ ስም አታዙሩ። እናታችሁ የሚፈርሙትን እየተረዱ ሳሉ ውክልናውን ጨርሱ።

ጥያቄ፦ ምን ይዘው ይግቡ? ከገቡ በኋላስ እንዴት እንጠይቃቸው?

መልስ፦ ጋቢያቸው ይግባ፣ ወርቁ ቤት ይቅር። አመሻሽ ላይ ግራ መጋባቱ ስለሚብስ ጠዋት ሄዳችሁ ጠይቋቸው። «ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ አትከራከሩ፤ ስለ ቤታቸው አስወሯቸው።