ቅልጥም ለሚያሳምም ሴፍቲ ጫማ ጥቆማ፦ ከቃሊቲ እስከ ዱከም

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮየ ፈጨ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። አዲሱ ሴፍቲ ጫማዬ አፉ ደረቅ ነው፤ ቅልጥሜን ከፊት በኩል እየወጋ መራመድ ከልክሎኛል። ልለውጠው፣ ላሠራው ወይስ ሐኪም ልይ? የምታውቁትን ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የሚያምህን ቦታ በጣትህ ፈልግ። ሕመሙ የጫማው አፍ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነና ስታወልቀው ቀለል ካለህ ጥፋቱ የጫማው ነው። ቅልጥም ከፊት በኩል ሥጋ የለውም፤ አጥንቱን የሚሸፍነው ቆዳ ብቻ ስለሆነ ጠንካራ ጠርዝ ቀኑን ሙሉ ሲጫነው ይቆጣል።

እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ጫማ ሰፊ ነው። ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢም አቃቂም ጎበዝ ሰፊ አይጠፋም፤ ዋናው ምን እንደምታሠራ ማወቅህ ነው። በጫማው ምላስ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስስ ስፖንጅ አስገብቶ በለስላሳ የበግ ቆዳ እንዲሸፍንልህ ጠይቀው። ስፖንጁ የታመመው ቦታ ላይ አይረፍ፤ ከእሱ በላይና በታች ይቀመጥ፤ ያን ጊዜ ጫናው ለጤነኛው ቦታ ይከፋፈላል። አፉን ልቁረጥልህ የሚል ሰፊ ካጋጠመህ ግን ጫማህን ይዘህ ውጣ። ያ ከፍታ ቁርጭምጭሚትህን የሚጠብቅ ነው።

አስተሳሰሩንም ቀይር። ክሩን በእግርህ ጀርባ ላይ ጠበቅ፣ ከላይኛዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ላላ አድርገው። ተረከዝህ ከተያዘ እግርህ ወደ ፊት አይንሸራተትም፤ ደረጃ ስትወርድ ቅልጥምህ ከምላሱ ጋር የሚጋጨው በዚህ መንሸራተት ነው። የተረፈውን ክር ወደ ውስጥ ክተተው፣ ብረት እንዳይዘው። ካልሲህ ከጫማው አፍ በላይ የሚያልፍ አንድ ወፍራም ካልሲ ይሁን፤ ሁለት መደረብ መጨማደድን ያመጣል። ሱሪህንም ጫማው ውስጥ አትጠቅጥቀው። በተለይ ብየዳ የምትሠሩ፣ ሱሪው ከውጭ ሲወርድ የብየዳው ፍንጣሪ ወደ ጫማው አይገባም።

ልለውጥ ካልክ ደግሞ የአገር ውስጥ የቆዳ ጫማን እመርጣለሁ። እንደ አንበሳ ጫማ ያሉ ፋብሪካዎቻችን የሚጠቀሙበት የተፈጥሮ ቆዳ በተጫማኸው ቁጥር እየለዘበ የእግርህን ቅርጽ ይይዛል። ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠው ርካሽ ጫማ መርካቶ ሲታይ ያምራል፤ እንደ ቆዳ ግን አይለዝብም። ልባሽ አልመክርህም፤ በሌላ ሰው እግር ቅርጹን የያዘ ነው። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን አይኤስኦ 20345 የተጻፈበት ጫማ የጣት ብረቱ የ200 ጁል (ጁል የኃይል መለኪያ ነው) ምት መቋቋም አለበት፤ ኤስ3 የሚለው ደግሞ ሶሉ ሚስማር እንዳያሳልፍ የተሠራ ነው። እግሬ ተመቸኝ ብለህ በተራ ቡትስ ሚስማር የሞላበት ቦታ ላይ እንዳትገባ አደራ። ስትገዛ ወደ ማምሻው ሂድ፣ ያን ጊዜ እግር አበጥ ይላል። የሥራ ካልሲህን አድርገህ ደረጃ ውረድበት።

በክረምት የራሰ ጫማ ከሰል ምድጃ አጠገብ የምታደርቁ ወንድሞች፣ እባካችሁ ተዉ። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አፉ እንደ ጣውላ ይሆናል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ነፋስ ላይ አኑሩት።

ለሕመሙ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ ይረዳል። የፋርማሲ ቅባት ያስታግሳል እንጂ ጫማውን አያስተካክልም። ወጌሻ ጋ ሄደህ አሳሸው የሚሉህ ይኖራሉ፤ እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሕመሙ አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ሌሊት ካነቃህ ወይም በአንድ እግር ስትዘል ከወጋህ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ የተሰነጠቀ አጥንት አይታሽም። እንዲህ ዓይነቱ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይታይ ስለሚችል፣ ራጁ ንጹሕ ነው ተብለህም ሕመሙ ካልተወህ ተመልሰህ ታይ። ለእኛ አካባቢ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብ ነው። እግርህ ከደነዘዘ፣ ቅልጥምህ ከተወጠረ ወይም የእግርህን ጫፍ ማንሳት ካቃተህ ግን እዚያው ዕለት ሂድ፤ ለነገ አይባልም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ቂሊንጦ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ቁጥሬ 37 ነው፣ የተሰጠኝ ግን 40 ነው። ውስጡን በስፖንጅ ብሞላው ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም እህቴ። ስፖንጅም ሆነ የጫማ ውስጥ ምንጣፍ ብትደራርቢ እግርሽ ከፍ ብሎ ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ ይዛነፋል፣ የጣት ብረቱም ከላይ ይጫንሻል። የአንቺ ችግር ልኩ እንጂ ሌላ አይደለም፤ በልክሽ ያስመጡልሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ፣ ቁጥርሽን ጥቀሺ፣ ቅጂውን ያዢ። ሌሎችም ሴቶች በተመሳሳይ ችግር ላይ ካሉ አብራችሁ ፈርሙ፤ ትንንሽ ቁጥሮች በአንድ ላይ ሲታዘዙ ለግዥ ክፍሉም ይቀልለዋል።