ጎጆ ላይ ያለ ብርቅ ወፍ ስናገኝ ቦታውን እንናገር ወይስ እንደብቅ? (ክርክር)

ጨፌ ወዳዱ
ሰላም ጎጃሞች። እሁድ የለጠፍኩትን ፎቶ ካያችሁ ጀምሮ ኢንቦክሴ "ሎኬሽን ላክ" በሚል ብቻ ተሞልቷል፣ ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ሁላችሁም ባላችሁበት እንነጋገርበት ብዬ ነው። አዎ ዋትልድ ክሬን የሚባለው ወፍ ነው፣ ያ አገጩ ሥር ሁለት ነጭ ሥጋ የተንጠለጠለለት ረጅሙ። ጥንድ ናቸው፣ አንደኛው ታቅፎ ተኝቷል (ሁለቱም ተራ በተራ ነው የሚታቀፉት ስለዚህ አባት ይሁን እናት ከሩቅ መለየት አልቻልኩም)። ቦታው ጎጃም ነው፣ ጨፌ ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ለምን ለምትሉኝ፣ ይሄ ወፍ ከክሬን ዘር ሁሉ ዝግ ብሎ የሚራባው ነው። አንድ ቢበዛ ሁለት እንቁላል ይጥላል፣ ሁለት ቢጥልም ብዙ ጊዜ አንድ ጫጩት ነው የሚያሳድገው። አንድ ወር ከምናምን ታቅፎ ከፈለፈለ በኋላ ደግሞ ጫጩቱ ለመብረር ሦስት አራት ወር ይፈልጋል፣ እስከዛ ድረስ በእግሩ ነው የሚሄደው። አገራችን ያሉት በጠቅላላ ጥቂት መቶ ቢሆኑ ነው፣ ብዙዎቹ ያሉት እነ ዛምቢያና ቦትስዋና ነው፣ ከኛዎቹ ጋር ደግሞ አይገናኙም።

ከሁለት ዓመት በፊት የባለ ዘውዱን ክሬን ጎጆ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ቦታውን ከነመንገዱ ጻፍኩ። በሳምንቱ ሦስት መኪና ሰው መጣ። አንዱ ስትበር ፎቶ ለማንሳት ብሎ ለእረኛው ልጅ 50 ብር ሰጥቶ አስነሳት። እናትየው ዞራ ዞራ እስክትመለስ ቁራ ቀድሟት ነበር፣ ቅርፊቱን በዓይኔ አየሁት። ያንን ቦታ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም። አሁን አልደግመውም።

የጣና ጋይድ
ወንድሜ ሀዘንህ ይገባኛል ግን እኔ በዚህ ሥራ ልጆች አሳድጋለሁ። እንግዳ በጠፋበት በዚህ ጊዜ አንድ ሁለት ሰው ባህር ዳር ድረስ መጥቶ "ዋትልድ ክሬን ማየት እፈልጋለሁ" ሲለኝ ምን ልበለው? አለ ግን አላሳይህም? እኔ ደግሞ እንደዛ ሰውዬ ወፍ የማስነሳ አይደለሁም፣ ከሩቅ በቴሌስኮፕ ነው የማሳየው።

ደሞ ድብቅነት ያድናል ያለህ ማነው? ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ጋርተን የሚባል ሐይቅ አለ፣ ኦስፕሬይ የሚባለው ዓሣ አዳኝ ከአገሩ ጠፍቶ ኖሮ ተመልሶ እዛ ጎጆ ሠራ። መጀመሪያ በምስጢር ነበር የሚጠብቁት፣ በፈረንጆች 1958 ሌሊት ሌባ ገብቶ እንቁላሉን ወሰደባቸው። በ1959 ምን አደረጉ መሰለህ፣ ቦታውን ለሕዝብ ከፈቱት! መመልከቻ ቤት ሠርተው ኑና እዩ አሉ፣ 14,000 ገደማ ሰው መጣ፣ ጫጩቶቹም በሰላም በረሩ። ብዙ ዓይን ያለበት ቦታ ሌባ አይደፍርም።

ሰላም ከማርቆስ
ጋይዱ የነገርከን ታሪክ ደስ ይላል ግን ግማሹን ነው የነገርከን፣ ሌሊትና ቀን ዘበኛ ነበራቸውኮ፣ ሽቦም አጥረው ነበር። እኛ ጋ ማን ይጠብቃል? በዚህ ክረምት፣ በዚህ ጭቃ፣ ማን ደሞዝ ከፍሎት?

ግን ጨፌ ወዳዱ አንተም ላይ ጥያቄ አለኝ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የምማረው ስለ ረግረግ ነው፣ የኛ ችግር ወፍ አድናቂ የበዛበት ሳይሆን ጨፌው ራሱ እያለቀ መሆኑ ነው፣ ቦይ ይቀደድለታል፣ ይጠነፈፋል፣ ድንች ይሆናል፣ ባህር ዛፍ ይሆናል። እና የሆነ ቀን የቀበሌ ስብሰባ ላይ "ይሄ መሬት ዝም ብሎ ተኝቷል ለወጣቶች ይከፋፈል" ሲባል እዚህ ዋትልድ ክሬን ይራባል ብሎ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ማን ይከራከራል? ያልተመዘገበ ወፍ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ምስጢርህ ስልክህ ውስጥ ተቀብሮ ጨፌው ሲታረስ ምን ልትል ነው?

ጨፌ ወዳዱ
ሰላም እህቴ አልመዘግብም አላልኩም። ኢበርድ (ወፍ ያዩ ሰዎች የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ) ላይ ዛሬ ያየሁትን ከወራት በኋላ በትክክለኛው ቀን ማስገባት ይቻላል፣ ወይም አስገብቶ ለሕዝብ እንዳይታይ መደበቅ ይቻላል። ለምትጠኚው ጥናትም በግል እሰጥሻለሁ። የምከራከረው ስለ ጊዜው ነው፣ እንቁላሉ እዛ እያለ በቴሌግራም ፒን መጣልና ጫጩቱ ከበረረ በኋላ መናገር አንድ አይደለም።

ቢኖኩላር
እኔ ከደብቁ ጋር ነኝ። እና ፎቶ ስትለጥፉ ደሞ ከኋላ ያለውን ተራራ እዩት፣ ቤተክርስቲያን ከታየ ቦታ ደብቄያለሁ ማለት ከንቱ ነው፣ የአገሩ ሰው በአንድ ዓይን ያውቀዋል። በፋይል የሚላክ ፎቶ ላይም ጂፒኤሱ አብሮ ይሄዳል፣ አጥፉት።

የገበሬ ልጅ
ሁላችሁንም አነበብኩ። አንድ ነገር ግራ ገባኝ፣ ምስጢር የምትሉት ከማን ነው? እኔ ያደግሁት እንደዚህ ዓይነት ጨፌ ዳር ነው፣ ከብት የማሰማራበት፣ ሣር የምናጭድበት፣ ለአዲስ ዓመት ቄጠማ የምንነቅልበት። ወፏን ከናንተ በፊት እናውቃታለን፣ የትኛው ጉብታ ላይ እንደምትተኛ ሁሉ እናውቃለን፣ ብርቅ መሆኗን ግን ማንም ነግሮን አያውቅም። ለኛ ትልቅ ወፍ ናት በቃ። ልጅ ሆነን ውሻችን ሲያባርራት እየሳቅን ነበር የምናይ፣ ጫጩቷ መብረር እንደማትችል መቼ አወቅነ።

እና ያ 50 ብር የተሰጠው እረኛ ጥፋተኛ መስሎ ተነሣ፣ ልጁ ምን ያውቃል? ከተማ ያለው ሁሉ ሲያውቅ እሱ ብቻ ነው ያልተነገረው። ውሻውን የሚያስር እሱ፣ ከብቱን በዛኛው በኩል የሚነዳው እሱ፣ መኪና ሲመጣ "ወዲያ ቁሙ" ሊል የሚችለው እሱ።

መምህር ባዮሎጂ
የገበሬ ልጅ እግዜር ይስጥህ፣ እኔ ልጽፍ የነበረውን ጻፍከው። 27 ዓመት ያስተማርኩት ይህንን ነው። በርጋን ተመልከቱ፣ ሸዋ አዲስ ዓለም አጠገብ። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የምትባል ትንሽ ወፍ፣ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዷ፣ እዛ ረግረግ ላይ በክረምት ትራባለች። የበርጋ ስም በዓለም የታወቀ ነው፣ ማንም አልደበቀውም። ግን የአካባቢው ሰው ራሱ ለወፏ ብሎ ተደራጅቶባታል፣ ልጆች በትምህርት ቤት ስለሷ ይማራሉ። የኛ ጨፌ ገና እዛ አልደረሰም፣ ስለዚህ ዘንድሮ ቦታው እንዳይወጣ ከልጄ ከጨፌ ወዳዱ ጋር እስማማለሁ። ግን ዝም ብለህ ቤትህ መቀመጥህን አልስማማም። ወሬው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ጨፌው ዳር ላሉት ሽማግሌዎችና እረኞች ነው።

የጣና ጋይድ
መምህር ልክ ነዎት፣ እሱን አልክድም። ግን ያ ገበሬ ጨፌውን ሳያርስ እንዲተወው የሚያገኘው ነገርም ይኑራ። እንግዳ ቢመጣና ልጁ መንገድ አሳይቶ ቢከፈለው ድንቹን ይተወው ይሆናል። በባዶ ኪስ ወፍ ጠብቁ ማለት እኔም አፍራለሁ።

ሰላም ከማርቆስ
እሱ ልክ ነው፣ ግን ለማሳየት የሚከፈለው እንጂ ለማስነሳት የሚከፈለው አይደለም። ቅድሚያ እሱ ይለይ።

ጨፌ ወዳዱ
መምህር ትናንት የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ ሄድኩ። ለእረኞቹ በፎቶው አሳየኋቸው፣ አንደኛው ልጅ "ይቺማ በየዓመቱ ናት" አለኝ፣ እኔ እኮ ያገኘሁት እኔ መስሎኝ ነበር። የአንዱን አባት አነጋገርኩ፣ እሳቸው ውሾቹን ጠዋት ጠዋት ለማሰር እሺ ብለዋል፣ በዛ በኩል ያለው ሣርም ለጊዜው እንዳይታጨድ ጎረቤት ጠርተው ሊነጋገሩ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ አንድ ጉብታ አለ፣ ከዛ ወዲህ ማንም እንዳያልፍ ተስማምተናል፣ እኔንም ጨምሮ።

አሁንም ቦታውን አልጽፍም። ጫጩቱ ከተፈለፈለ እስከ ኅዳር መጨረሻ ወይ ታኅሣሥ በእግሩ ነው የሚቆየው።

የጣና ጋይድ
እሺ ተስማምቻለሁ። ሲበር ግን መጀመሪያ ለኔ ደውልልኝ፣ እንግዶቼን ለዛ ልጅ ነው የማስረክበው፣ ክፍያውም ለሱ ነው።

ጨፌ ወዳዱ
እደውላለሁ። መኪናውን አስፋልቱ ላይ አቁመህ በእግር ነው የምትመጣ፣ 40 ደቂቃ ነው፣ ቦት አድርግ።