ሙዮን ወዲያው የሚከስም ከሆነ እንዴት ነው የሚያጋጩት?

ጀማሪ ፊዚክስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሙዮን ማጋጫ ሳነብ አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነ ቅንጣት) ቆሞ ሳለ በአማካይ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው የሚኖረው። ሰብስቦ፣ አፍጥኖ ለማጋጨት ይህ እንዴት ይበቃል? ፕሮቶን የሚያጋጨው የሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል) 27 ኪሎ ሜትር ማጋጫ እያለስ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?

ፈለግ ተከታይ፦
ጊዜውን የሚያራዝመው ፍጥነቱ ነው። ጉልበቱ 5 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበትም ክብደትም የሚለካበት አሃድ ነው) የደረሰ ሙዮን በእኛ ሰዓት 0.1 ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ 10 ኪሎ ሜትር በሆነ ቀለበት 3 ሺህ ዙር ገደማ ይሄዳል።

ለምን ላልከው፣ ፕሮቶን ኳርክና ግሉዎን የሚባሉ ይበልጥ ትናንሽ ቅንጣቶች ጥቅል ስለሆነ ሲጋጭ የሚሠራው የጉልበቱ ከፊል ብቻ ነው። ኤሌክትሮን እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ ግን ክብ መንገድ ላይ ጉልበቱን በጨረር ያፈሰዋል። ሙዮን 207 ጊዜ ስለሚከብድ በዚያው ጉልበትና ቀለበት ጨረሩ ከቢሊዮን ጊዜ በላይ ያንሳል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ለመመረቂያ ሥራዬ የዊኖን ፈለግ፣ ማለትም ያለፈበትን መስመር፣ በሙዮን ማጋጫ ሲሙሌሽን ፈልጌ ነበር። ዊኖ እስካሁን ያልተገኘ፣ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ያለ ቅንጣት ሲሆን ለጨለማ ቁስ (በስበቱ ብቻ ለሚታወቀው የማይታይ ቁስ) ከታጩት አንዱ ነው፤ ስሌቱ ክብደቱን 3 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያደርገዋል። ኤሌክትሪክ የተሸከመው ወንድሙ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሄዶ ድራሹ ይጠፋል። እንግዲህ ያን አጭር መስመር የሚይዙት ለግጭቱ ቅርብ የሆኑት የመመርመሪያው የሲሊኮን ንብርብሮች ናቸው፤ ከሚከስሙት ሙዮኖች የሚረጨው ርዝራዥ የሚያጥለቀልቀውም እነዚያኑ! መጀመሪያ ስከፍተው ማያው በነጥብ ተሸፍኖ ፈለጉ የቱ ጋ እንዳለ እንኳ አልታየኝም። ከግጭቱ ቅጽበት ዘግይተው የደረሱትን ነጥቦች በፒኮ ሰከንድ ልክ ስጥል ግን አራት ነጥቦች በአንድ መስመር ብቅ አሉ። ያን ምሽት አልረሳውም።

መግነጢስ፦
ወንድሜ ጥሩ አድርጎ አስረዳ። ከማፍጠኑ በፊት ግን የሙዮኖቹን ጅረት «ማቀዝቀዝ»፣ ማለትም የተበተነውን ሰብሰብ ማድረግ አለ። ሙዮኖች ሲወለዱ በየአቅጣጫው ነው የሚበተኑት። በእንግሊዝ ራዘርፎርድ አፕልተን ላቦራቶሪ የተሠራው የማይስ ሙከራ በፈሳሽ ሃይድሮጅንና በሊቲየም ሃይድራይድ ውስጥ አሳልፎ መሰብሰብ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2020 አሳይቷል። ይህ የአንድ ጊዜ ማለፍ ነው፤ በቁሱ ውስጥ ያጡትን ጉልበት ለመተካት መልሶ ማፍጠኑ አልነበረበትም። ለማጋጫው ደጋግሞ ማሳለፍ ይጠይቃል።

ጀማሪ ፊዚክስ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፈለግ ተከታይ፣ ዘግይተው የመጡትን ስትጥል የዊኖው ነጥቦች አብረው አይጣሉም? ከባድ ስለሆነ ዘገምተኛ መስሎኝ።

ፈለግ ተከታይ፦
ይጣላሉ፤ እኔም አጥብቤው ግማሹን አጥቻለሁ። ለዚህ ነው የጊዜ መስኮቱን እንደገና ሰፋ አድርጌ የርዝራዡን አቅጣጫ የጨመርኩበት። ከግጭቱ ነጥብ የማይነሳውን ለብቻው መለየት ይቻላል።