ድንጋይ ውስጥ የተደበቀውን ማንቲስ ሽሪምፕ (ዛጎል ሰብሮ የሚበላ የባሕር እንስሳ) እንዴት ላውጣው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። 150 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፤ ክላውንፊሽና ጎቢ የሚባሉ ዓሣዎች (ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ጎቢ)፣ ቀንድ አውጣዎችና ትንንሽ ሸርጣኖች ነበሩበት። ከሁለት ወር በፊት ላይቭ ሮክ (ትንንሽ ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሚኖሩበት የባሕር ድንጋይ) ገዝቼ ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት መስታወት በጥፍር ሲመታ የሚመስል “ቀጭ፣ ቀጭ” የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ጠዋት አሸዋው ላይ የተሰባበረ ዛጎል አገኛለሁ። ስድስት ቀንድ አውጣ አልቆብኛል፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጎቢው ጠፋ።

ማክሰኞ ሌሊት በቀይ መብራት ጠብቄ ማንቲስ ሽሪምፑን አየሁት። አውራ ጣት በምታህል ቀዳዳ አፍ ላይ ሁለት ዓይኖች ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ ወደ እኔ፣ ሌላው ወደ ዓሣዎቹ። አረንጓዴ ነው፣ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በጣም ያምራል። መግደል ስለማልፈልግ 40 ሊትር የሚይዝ ሌላ አኳሪየም አዘጋጅቼለታለሁ።

የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጬ ወደ ውስጥ ገለበጥኩና የሽሪምፕ ሥጋ ከትቼበት አራት ሌሊት አስቀመጥኩ፤ የገባው ሸርጣን ብቻ ነው። ድንጋዩን ከውሃ አውጥተህ ቀዳዳው ውስጥ ጋዝ ያለው ውሃ ጨምርበት፣ ራሱ ይወጣል ያሉኝ አሉ። ችግሩ ድንጋዩ ላይ ዓመት ሙሉ ያሳደግኩትን ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ የባሕር እንስሳ) አጣብቄበታለሁ፣ ቀዳዳው ደግሞ ከሥሩ ነው።

ኮራሉን ሳልጎዳ እንስሳውን በሕይወት የማወጣበት፣ ሞክራችሁ የተሳካላችሁ መንገድ የትኛው ነው?